ለሦስት የተካፈለው ምጣድ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጋዜጣችሁን ሱቄ በር ላይ ቡና እየጠጣሁ ነው የማነበው። ባለፈው የቤት አምዳችሁ ላይ የምጣድ ክዳን ለሚያሠራ ሰው «ዙሪያውን ለክታችሁ ለሦስት አካፍሉት፣ ስፋቱ ይወጣላችኋል» የሚል ምክር አወጣችሁ። እባካችሁ አርሙት። እኔ ምናለሽ ተራ ላሜራ እየቆረጥኩ ክዳን የምሠራ ሰው ነኝ፤ የምክራችሁ ዕዳ እኔ ላይ ነው የመጣው።

አንዲት ደንበኛዬ ደወለች። «ጋሼ፣ 62 ከ7 ሚሊ ያድርጉልኝ» አለች። አመንኳት። ቆረጥኩ፣ ጠርዙን አጠፍኩ፣ እጀታውን መታሁ። በነጋታው ከነባሏ መጡ፤ ክዳኑን በፌስታል ጠቅልለው። ከምጣዱ ወደ 3 ሴንቲ ይተርፋል። በአንድ በኩል ሲያስተካክሉት በሌላው ይንሸራተታል፣ እንፋሎቱም ሁሉ ይወጣል። ዙሪያው ስንት ነበር ብላት 1 ሜትር ከ88 አለችኝ። የክብ ነገር ዙሪያ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋቱ 3.14 ጊዜ ያህል ነው፤ 188 ለ3.14 ሲካፈል ደግሞ 60 እንኳ አይሞላም!

ዙሪያውን መለካቷ ግን ደግ አደረገች። የሸክላ ምጣድ በእጅ ስለሚሠራ ልክ ክብ አይሆንም፤ መሀሉንም በዓይን ማግኘት ያስቸግራል። ሜትሩ ትንሽ ከመሀል ከሸሸ ስፋቱ አንሶ ይታያል። ዙሪያው ላይ 3 ሚሊ ብንስት ግን ስፋቱ ላይ የምንስተው 1 ሚሊ ገደማ ነው። ብቻ በናይለን ገመድ አይለካ፣ ይለጠጣል። የልብስ ሰፊ ሜትር ከተገኘ እሰየው።

ባልየው ግን አልተዋጠለትም። «የሰለሞንስ ኩሬ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 7 ላይ ኪራም የሠራው የናስ ኩሬ ከዳር እስከ ዳር 10 ክንድ፣ ዙሪያው 30 ክንድ ነው። ለሦስት ማለት ነው። ግን እዚያው ሁለት ሦስት ቁጥር ወረድ ሲሉ የኩሬው ውፍረት አንድ ጋት፣ ማለትም አራት ጣት ያህል፣ መሆኑ ተጽፏል። ስፋቱን ከነውፍረቱ፣ ዙሪያውን ከውስጥ በኩል ለክተውት ከሆነ ሒሳቡ ከ3.14 ጋር ይቀራረባል። ቁጥሩን አጠጋግተው ጽፈውትም ይሆናል። ናስ ያቀለጠ ሰው ልኩን ሳያውቅ አይቀርም፤ የሙያ ወገኔ ስለሆነ አዳላሁለት መሰለኝ።

ስልክ በእጁ ያለ ሰው ለ3.14 ያካፍል፣ አለቀ። እኔ እጄ በግራሶ ስለሚጨማለቅ ስልክ አልነካም። የእኔ ዘዴ ይቺ ናት፦ ለሦስት አካፍዬ፣ ከወጣው ላይ ለእያንዳንዱ 22 ሴንቲ 1 ሴንቲ እቀንሳለሁ። ዙሪያው 198 ከሆነ ለሦስት ሲካፈል 66 ይሆናል፤ 66 ውስጥ 22 ሦስቴ አለ፣ 3 ሲቀነስ 63። ድሮ አስተማሪዎቻችን 22 ለ7 እያሉ ያስጠኑን የነበረው ነገር ነው፣ በጓሮ በር የገባ።

ስለዚህ እርማቱን ምክሩ በወጣበት ቦታ፣ በዚያው ትልቅ ፊደል አውጡልኝ። አምዳችሁ ከወጣ ወዲህ እንደዚህ ሰፍተው የተመለሱ ሦስት ክዳኖች ግድግዳዬ ላይ ተሰቅለዋል። ትልቅ ምጣድ ያለው አንባቢ ካላችሁ ላኩልኝ፤ በላሜራው ዋጋ እሰጠዋለሁ።

ክዳን ሠሪው፣ ከምናለሽ ተራ