ብሮውዘሩን ቆልፉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ 7 ኮምፒውተር ያላት ኢንተርኔት ቤት አለችኝ። የምጽፈው እንደኔ ብዙ ሰው የሚቀባበለውን ኮምፒውተር ለሚጠብቁ ሁሉ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት ተማሪ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ልትሞላ መጣች። ጂሜይሏን ስትከፍት ብሮውዘሩ (ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም) ፓስወርዱን ላስቀምጠው ወይ አላት፤ እሺ ብላ ነካችው። በማግስቱ እዚያው ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ጂሜይል ሲከፍት የእሷ ስምና ፓስወርድ ተሞልቶ ጠበቀው። «ጋሼ፣ ይሄ የኔ አይደለም» ብሎ ጠራኝ። እግዜር ይስጠው። ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩላት፤ ወዲያው ፓስወርዷን ቀየረች። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጁ ክፉ ቢሆን ኖሮስ?

ከዚያ በፊት ብሮውዘሩን ሳልቆልፍ የመተዌ ችግር የጠዋት ሥራ ማብዛቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንዱ ሆምፔጁን፣ ብሮውዘሩ ሲከፈት የሚመጣውን ገጽ፣ ወደማላውቀው ገጽ ቀይሮት ይሄዳል። ከዓረብ አገር የተመለሰች እህት ቋንቋውን አረብኛ አድርጋው ትወጣለች። «እባክዎ ሴቲንግ አይንኩ» ብዬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ማንም አላነበበውም። አልፈርድባቸውም፤ ክፍት አድርጌ የተውኩት እኔ ነኝ።

መፍትሔው ገንዘብ አልጠየቀኝም። መጀመሪያ ደንበኛ የሚገባበትን የዊንዶውስ አካውንት ከአድሚንነት (ሁሉን የመቀየር ሥልጣን ካለው) አወረድኩት። አድሚን ከሆነማ የቆለፍኩትን መልሶ ይከፍተዋል። ቀጥሎ ብሮውዘሬ ፋየርፎክስ የተጫነበት ፎልደር ውስጥ «ዲስትሪቢውሽን» (distribution) የሚል ፎልደር ከፍቼ፣ «ፖሊሲስ ዶት ጄሰን» (policies.json) የምትባል ትእዛዞቼን የያዘች አጭር ፋይል አስቀመጥኩ። ፋየርፎክስ ሲነሳ እሷን ያነባል። አሁን ፓስወርድ ላስቀምጥ ብሎ አይጠይቅም፤ ሆምፔጁ አይቀየርም፤ ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አይጫንም፤ ሲዘጋ የተከፈቱትን ገጾች ታሪክና ኩኪውን (ድረ ገጾች ደንበኛውን ለማስታወስ የሚያስቀምጡትን መረጃ) ይጠርጋል። ሌላው ብሮውዘር ክሮምም በዊንዶውስ ሬጅስትሪ (ዊንዶውስ ሴቲንጉን በሚያስቀምጥበት መዝገብ) በኩል እንዲሁ ይቆለፋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፋየርፎክስ የሚጠርገው ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ደንበኛ በተነሳ ቁጥር ሄጄ እዘጋዋለሁ።

የደንበኛን ነፃነት ነካህ ያለኝ ጓደኛ አለ። አልስማማም። በቤቱ ኮምፒውተር እንደፈለገ ያድርግ። እኔ ጋ ግን ከሱ በኋላ የሚቀመጥ ሰው አለ።

በተለይ ትምህርት ቤቶች አደራ፤ ልጆች ፓስወርድ ምን እንደሚያስከትል ገና አያውቁም። ደሴ ያላችሁ ፍላሽ ይዛችሁ ብቅ በሉ፤ ፋይሏን በነፃ እገለብጥላችኋለሁ።

ባለ ኢንተርኔት ቤቱ፣ ከደሴ