አሸዋው ከመምጣቱ በፊት አንዴ ይቆፈር

ለስፖርት ሜዳዎች አስተዳደር ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። የፈረስ ማሰልጠኛ ሜዳው ላይ እንደገና አሸዋ ሊደፋ መሆኑን ሰማሁ። ያለፈው አሸዋ ምን እንዳመጣ ስላየሁ፣ መኪናው ሳይደርስ ልጻፍልዎ ብዬ ነው።

ያኔ የተደፋው አሸዋ ሲያዩት ያምር ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ፈረሴ ሶምሶማ ላይ እያለ እርምጃው አጠረብኝ። ወርጄ የፊት እግሩን ከጉልበቱ በታች፣ በኋላ በኩል ዳሰስኩት። ጅማቱ አበጥ ብሏል፤ ይሞቃል። ጥፋቱን ሁሉ በአሸዋው ላይ አልደፈድፍም፤ እኔም ቀስ በቀስ ላስለምደው ይገባ ነበር። ቢሆንም ጥልቅና ልል አሸዋ ውስጥ ኮቴው ይሰምጣል፤ ነቅሎ ለመውጣት ደግሞ ጅማቱ ይወጠራል። ድርቅ ያለ መሬትም አይሻልም፤ ምቱን መልሶ ወደ መገጣጠሚያ ይልከዋል። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ሽምጥ ሲጋልብ አንዱ የፊት እግር ላይ ከክብደቱ 2 እጥፍ በላይ ያርፋል። ከአንድ ቶን በላይ፣ ያውም በአንዲት ኮቴ!

አንድ ቀን ዝናብ እንዳባራ የሜዳውን ጥግ በአካፋ ቆፈርኩ። (ሳላስፈቅድ ነው፤ ይቅርታ። መልሼ ደፍኜዋለሁ።) ከአሸዋው ስር ጠጠር አለ። ግን ጭቃው ከታች ወጥቶ ውጦታል፤ ውሃውም መሄጃ አጥቶ ቋጥሯል። እዚህ ላይ የፈለገውን ያህል አሸዋ ቢጨመር ጭቃ መመገብ ነው።

ስለዚህ ስራው ከስር ይጀመር። ለም አፈሩ ይጠረግ፤ መሬቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ተዳፋት ይዞ ይዳመጥ፤ የውሃ መውሰጃ ቱቦ ይቀበር። ጭቃና ጠጠር እንዳይቀላቀሉ ጂኦቴክስታይል የሚባለው ጨርቅ ይነጠፍ። በላዩ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የተፈጨ ድንጋይ፣ ከዚያ እንደገና ሮለር። አሸዋ የመጨረሻው ነው። ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ 20 በ40 ሜትር ለሆነ ሜዳ 80 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው።

አሸዋውም ዝም ብሎ አሸዋ አይደለም። ውሃ ያድቦለቦለው የወንዝ አሸዋ ኮቴ ስር እንደ ሽንብራ ይንከባለላል። የታጠበና ጠርዝ ያለው ይሻላል። ለመፈተሽ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር ይናጥና ይደር። ጠዋት ከአሸዋው በላይ ወፈር ያለ ደለል ከተጋደመ መኪናውን ይመልሱት። ያ ደለል ሲረጥብ ያዳልጣል፤ ሲደርቅ አቧራ ሆኖ የፈረሱም የጋላቢውም ሳንባ ውስጥ ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሌ የሚረሳው ከምርቃቱ በኋላ ያለው ስራ ነው። ፈረስ አጥሩን ተከትሎ ስለሚዞር ዳር ዳሩ ቦይ ይሆናል፤ አሸዋው ይሸሻል። በትራክተር በሚጎተት ማስተካከያ ቶሎ ቶሎ መመለስ አለበት። ሲደርቅ ውሃ ይርከፍከፍ። ፋንድያውም እዚያው ይለቀም፤ ከደቀቀ ከአሸዋው ጋር ተቀላቅሎ የውሃውን መውረጃ ይደፍናል። ለዚህ ቋሚ ሰው ካልተመደበ ከላይ ያልኩት ሁሉ ውሃ በላው።

ሜዳዎቹ ሁለት ናቸውና በጀቱ ለሁለቱም ካልበቃ አንዱ ብቻ በወጉ ይሰራ፤ ሌላው ይቆይ። እኛ ተራ እንይዛለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጥጉን የቆፈረው ጋላቢ