ማሙሽን አስመርምርልኝ

ወንድም ዓለም፣ እንዴት ከረምክ?

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ጉዳይ ሲገጥመኝ መጣሁብህ። ለእናትህ ለቅሶ አለመድረሴ አሁንም ያንገበግበኛል። ይቅር በለኝ። ስንገናኝ ፊት ለፊት እነግርሃለሁ።

ባለፈው ወር ደሜን ተመረመርኩ። መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል የሚሉት፣ 248 ሆነ። የመጀመሪያው ሐኪም "ቅቤና ጮማ ቀንስ" ብሎ ሸኘኝ። እኔን! ዐቢይ ጾምን በሽሮና በጎመን የጨረስኩትን፣ በየጠዋቱ ጎሃን በእግሬ የምወጣውን። በጣም ከፋኝ።

ሁለተኛዋ ሐኪም ግን ከተረከዜ በላይ ያለውን ጅማት ዳሰሰች። ኮሌስትሮል ተጠራቅሞበት ወፍሯል። ቀና ብላ "አባትህ በሕይወት አሉ?" አለችኝ።

አባባ በ44 ዓመታቸው እንዴት እንደሄዱ ታውቃለህ። የጥምቀት ዕለት፣ ከፋሲለደስ መዋኛ ስንመለስ። ሰፈሩ ሁሉ ምች ነው አለ፤ እኛም አመንን። ልባቸው ነበር ይሆን? ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ይህ ነው።

አንተ ባዮሎጂ ትወድ ስለነበር ይገባሃል። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ ነው። ትርፉን ከደም ላይ የሚለቅመው ደግሞ ጉበት ነው። በዘር የመጣ ጉድለት ካለ ግን ጉበት መልቀሙ ይደክማል፤ ከተወለድክ ጀምሮ ደምህ ውስጥ ይጠራቀማል። ጾሙም እርምጃውም ይረዳል፤ ጉድለቱን ግን አይሞላውም። አንዱ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ነው። ግማሽ! ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ሰኞ ደሟን ሊቀዱ ነው። ሳስበው ሆዴ ይባባል።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ስታቲን የሚባለው ኮሌስትሮል የሚቀንስ ኪኒን ታዝዞልኝ ሁለት ሳምንት ሳልነካው አስቀመጥኩት። ያን ሁሉ ጾምና ዳገት ከንቱ ያደረገብኝ መሰለኝ። አሁን ማታ ማታ እውጣለሁ።

እና... ታናሽ ወንድሜ ማሙሽ። እንዴት እንደምጠይቅህ ጨንቆኝ ይህን ደብዳቤ ሁለቴ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። "ጂም እሠራለሁ፣ ሥጋ አልበላም፣ ምን ሆኜ ነው የምመረመረው?" ይለኛል። መጪው ጥር 38 ይሞላዋል። እኔን አይሰማም። አንተን ግን አዘዞ መንገድ ላይ ሳይክል ካስተማርከው ጀምሮ እንደ ታላቅ ወንድሙ ነው የሚያይህ። እዚያው አዲስ አበባ ናችሁ፤ እባክህ ቅዳሜ እጁን ይዘህ ውሰደው። መርፌ ስታይ ፊትህ እንደሚገረጣ አልረሳሁም፤ አንተ በር ላይ ጠብቀው።

ኤልዲኤሉ ከ190 በላይ ከሆነ ግን ግባና የአባባን ነገር ለሐኪሙ ንገርልኝ። ማሙሽ ያኔ ሕፃን ነበር፤ አያስታውስም። ውጤቱን እንዳየህ ደውል፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን አነሣለሁ።

ወንድምህ፣
ከጎንደር