ከኔካር ወንዝ ዳር

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ወንዝ ዳር መኖሬን ሰምተሽ ጎርፉ አስጨንቆሻል አሉኝ፤ እስቲ የምኖርበትን ላጫውትሽ።

መንደሩ ከጀርመኗ ሃይደልበርግ ከተማ በባቡር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፤ በደኑ ተራራና በኔካር ወንዝ መካከል ተሸጉጧል። አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ እኔ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ በቃ። ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል፤ ወጣቱ ወደ ከተማ ገባና ወራሽ ጠፋ።

ስለ ጎርፉ አልዋሽሽም፣ ይመጣል። ወንዝ ዳር ባሉት ቤቶች ግድግዳ ላይ ውሃው የደረሰበት ልክ ከነዓመቱ ተቀርጿል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1784 የመጣው ከሁሉ የከፋ ነበር፤ የበረዶ ግግር እየገፋ ወርዶ የሃይደልበርግን ድልድይ ጠራርጎ ወሰደው። እኔ ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ አትስጊ።

እዚህ ልብስ የሚያጥብም ውሃ የሚቀዳም ሰው ወንዝ አይወርድም። ኔካር መንገድ ነው። ከሥራ ስወጣ ከሃይልብሮን ከተማ ጨው ጭነው የሚወርዱትን መርከቦች ቆሜ አያለሁ። መርከቡ በሁለት የብረት በሮች መካከል ይገባል፤ የኋላው ይዘጋል፤ ውሃው ሲቀነስ መርከቡም ቀስ እያለ ዝቅ ይልና የፊቱ በር ይከፈትለታል። እንዲህ ያለ ደረጃ በወንዙ ላይ 27 ቦታ አለ። ከጭነቱ ኋላ የመርከበኛው ቤት አለ፤ መስኮቱ መጋረጃ፣ ደጁ አበባ፣ ገመዱ ላይ የተሰጣ የልጅ ልብስ። ጣሪያው ላይ መኪናውን ሳይቀር ጭኖ ይሄዳል!

ወንድም ጋሼ ዓሣ ይጠመዳል ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ይጠመዳል፤ ግን ኮርስ ተምሮ፣ ፈተና አልፎ፣ የፈቃድ ወረቀት አውጥቶ ነው። ጣና ላይ በታንኳ ያደገ ሰው ስለ ዓሣ ለፈተና ሲቀመጥ ይታይሽ።

እሑድ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፤ ሣር በማሽን ማጨድ፣ ምስማር መምታት እንኳ ክልክል ነው። ሰንበትን እንዲህ አክብረው ቤተ ክርስቲያኑን ባዶ መተዋቸው ግን አይገባኝም።

ለጣሪያው ቆርቆሮ ገንዘብ በባንክ ልኬያለሁ፤ ክረምቱ ሳይገባ አስመቺው። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ በርበሬና ሽሮ ላኪልኝ፤ ያለኝ ተሟጧል።

ልጅሽ