ጥርስ ነው ወይስ ስለት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ስትጽፉ ሁሌም የራስ ቅል ነው የሚወራው። እባካችሁ ስለ እንስሳቱ አጥንትም ጻፉልን።

እኔን የያዘኝ አፋር ውስጥ ዲኪካ በሚባል ቦታ የተገኙት ሁለት የአጥንት ስብርባሪዎች ናቸው። አንዱ ላም የሚያህል እንስሳ ጎድን ነው፤ ሌላው ፍየል የሚያህል እንስሳ ጭን። ዕድሜያቸው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ እነ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በአጥንቶቹ ላይ ያሉት ጭረቶች የድንጋይ ስለት ያሳረፋቸው ናቸው አሉ። ይህ እውነት ከሆነ የሉሲ ዝርያ ሥጋ ይቆርጥ ነበር ማለት ነው! ሌሎች ግን አልተዋጠላቸውም። እንስሳ ሲረግጠው አሸዋ የጫረው ነው ያሉ አሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. ሌሎቹ ተመራማሪዎች እነ ዮናታን ሳህሌ ደግሞ የአዞ ጥርስም እንዲህ ያለ ጭረት ሊተው ይችላል አሉ።

በበዓል ማግስት የበግ አጥንት አንሡና እዩ። ቢላዋ የሄደበት ቀጭን ነው፣ ወደ ታች ይሾላል። ውሻ የጋጠው ግን ሰፊና ጎድጎድ ያለ ነው፣ ጫፉም ተፈርፍሯል። የጅብም እንደዚያው። አዞ ግን አጥንት አይግጥም። ነክሶ ይይዛል፣ ይገለባበጣል፣ ገንጥሎ ይውጣል። ጥርሱ ስል ጠርዝ ስላለው ቢላዋ የሚመስል ጭረት ይተዋል። ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው።

እኔ በሁለት አጥንት ብቻ ስለት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ልቤ ወደ አዞው ያደላል። በሚቀጥለው እትም የጭረቶቹን ፎቶ አቅርባችሁ፣ ጎልቶ እንዲታይ አድርጋችሁ ብታትሙልን ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ