መጽሐፉ ሳያልቅ ቢቀርስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

«ለልጆቻችሁ አንብቡ» የሚለው ምክር ከጋዜጣም ከሬዲዮም አይጠፋም። ምክሩ ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። እንዴት እንደሚነበብ ስለማይነገር፣ ምክሩን የሰማች እናት የሁለት ዓመት ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ትወጣዋለች። ልጁ ሦስተኛው ገጽ ላይ ብድግ ብሎ ይሄዳል። እሷም «የእኔ ልጅ መጽሐፍ አይወድም» ብላ ትተወዋለች። ልጁ የሰለቸው ግን ዝም ብሎ መስማቱ ነው። በሕፃናት ቋንቋ ላይ የምንሠራ እንደመሆናችን፣ የቀረውን የምክሩን ግማሽ ለመጻፍ ፈለግን።

ለትንሽ ልጅ ሲነበብ ዋናው ሥራ ጨዋታው ነው፤ መጽሐፉ ሰበብ ነው። ሕፃን አዲስ ቃል በቀላሉ የሚይዘው እሱ እያየው ያለው ነገር በዚያው ቅጽበት ስሙ ሲጠራ ነው። በቀኑ ውሎ ይህ መገጣጠም ብዙ ጊዜ ይከሽፋል፤ እናት ስለ አንዱ ነገር ስታወራ የልጁ ዓይን ሌላ ጋ ነው። የተከፈተ ገጽ ፊት ግን ሁለቱም የሚያዩት አንድ ሥዕል ነው። ሥዕሉም አይሮጥም፣ አይሰወርም፣ ነገም እዚያው ይጠብቃቸዋል።

አናት ኒኒዮና ጀሮም ብሩነር እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዲት እናትና ልጇ ሥዕላዊ መጽሐፍ ሲያዩ ልጁ ከ8 ወሩ ጀምሮ አንድ ዓመት ተኩል እስኪሞላው ድረስ ተከታትለዋል። የእናትየዋ ንግግር በአራት ነገሮች ላይ ይመላለሳል። «እየው!» ብላ ዓይኑን ትጠራለች፤ «ይሄ ምንድን ነው?» ትላለች፤ ስሙን ትነግረዋለች፤ ልጁ አንዳች ነገር ካሰማ ደግሞ «አዎ!» ብላ ትቀበለዋለች። መልሱ ፈገግታ ወይም ትርጉም የሌለው ድምፅ ቢሆንም እንደ መልስ ይቆጠርለታል። ልጁ ተራ ጠብቆ መናገርን የለመደው ገና አፉን ሳይፈታ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ የተጠቀሰው የግሮቨር ዋይትኸርስትና የባልደረቦቹ ሙከራ ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ከ21 እስከ 35 ወር ዕድሜ ያላቸው ልጆች ከነወላጆቻቸው በሁለት ቡድን ተከፈሉ። ሁለቱም ቡድን ለአንድ ወር ቤት ውስጥ አነበበ፤ የንባቡም ብዛት ተቀራራቢ ነበር። የአንደኛው ቡድን ወላጆች ግን እየጠየቁ፣ የልጁን መልስ እያሰፉ፣ ተራኪነቱን ቀስ በቀስ ለልጁ እየለቀቁ እንዲያነቡ ሠለጠኑ። ወሩ ሲያልቅ የእነዚህ ልጆች የመናገር ችሎታ፣ እንደ መለኪያው ዓይነት፣ ከ6 እስከ 8 ወር ተኩል ቀድሞ ተገኘ። ከ9 ወር በኋላም ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ልጆቹ የሰሙት ንባብ አልበዛም፤ በመሀል እንዲናገሩ ግን ተፈቅዶላቸዋል።

አካሄዱ አራት እርምጃ አለው። እናት ሥዕሉን አሳይታ «ይሄ ምንድን ነው?» ትላለች። ልጁ «ውሻ» ይላል። «አዎ፣ ውሻ ነው» ብላ ትቀበለዋለች። ቀጥላ አንድ ሁለት ቃል ትጨምርበታለች፦ «ትልቅ ጥቁር ውሻ ነው»። ከዚያ የጨመረችውን እንዲሞክረው ታደርጋለች፦ «እስቲ አንተ በለው፤ ትልቅ...»። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሦስተኛው፣ ቃል መጨመሩ፣ ነው። «ጎበዝ!» ብለን ገጹን እንገልጣለን። ሙገሳው ደስ ያሰኘዋል፤ ቃል ግን አልጨመረለትም። የሚጨመረውም በልክ ይሁን፣ ልጁ ካለበት አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ያለ። አንድ ቃል ለሚናገር ልጅ ሁለትና ሦስት ቃል ይመለስለታል። ዘጠኝ ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር ከወረደበት ከመካከሉ የቱን ያንሣ?

አማርኛ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ግሣችን ብቻውን ባለቤቱንም ተሳቢውንም ስለሚሸከም ማስፋቱ የሚጀምረው ከቃሉ ውስጥ ነው። ልጁ «ወሰደ» ሲል እናቱ «አዎ፣ ወሰደው» ትላለች፤ ሌላ ቀን «ውሻው ኳሱን ወሰደው»፤ ሰንበት ብሎ «ውሻው ኳሱን ወሰደና ሮጠ»። ግሥ መጨረሻ ላይ መምጣቱም ይጠቅማል። ታሪኩን ለለመደ ልጅ «ድመቷ ዛፉ ላይ...» ብላ ድምፅዋን አንጠልጥላ ብታቆም፣ የጎደለው ግሡ ነውና «ወጣች!» ብሎ ይሞላዋል። «ወጣ» ቢል «ተሳሳትክ» አይባልም፤ «አዎ፣ ድመቷ ወጣች» ይባልና ታሪኩ ይቀጥላል። ትክክለኛውን ሰምቷል፣ ድፍረቱም አልተነካም። ሲኮላተፍም እንደዚሁ ነው፤ እናት ቃሉን አጥርታ ብላው ታልፋለች እንጂ «በል፣ ድገም» እያለች አታስጨንቀውም።

ከሁሉ የሚከብደው ዝም ማለት ነው። አዋቂ ሰው ጠይቆ ወዲያው ራሱ ይመልሳል። ትንሽ ልጅ ግን ጥያቄውን ሰምቶ፣ ቃሉን ፈልጎ፣ አፉን አሰናድቶ እስኪያወጣው ጊዜ ይወስድበታል። ስለዚህ ጠይቆ በልብ እስከ አምስት መቁጠር ነው። አምስት ካለፈ እናት መልሱን በለሆሳስ ተናግራ ትቀጥል። ጥያቄ ማብዛትም ሌላው ጥፋት ነው፤ ገጽ በገጽ የሚጠየቅ ልጅ ፈተና ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። ለአንድ ጥያቄ ሁለትና ሦስት አስተያየት ጣል ማድረግ ይሻላል፦ «ኧረ የዚህ ልጅ ካልሲ ተቀዷል!» ለእንዲህ ዓይነቱ ወሬ ልጁ ሳይጠየቅ መልስ ይሰጣል።

ጥያቄው ራሱ ከልጁ ጋር ማደግ አለበት። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን የሚፈልገው የእናቱን ድምፅና ፊት ነው፤ መጽሐፉ ለእሷ የምትለው ነገር እንዳይጠፋት ይረዳታል። ከስድስት ወር እስከ ዓመት መጽሐፉን ይይዛል፣ ይነክሳል፣ ይወረውራል። ይህ የዕድሜው ምርመራ ነውና ገጹ ጠንካራ፣ በገጹም ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ብቻ ያለበት መጽሐፍ ይመረጥ። ሁለትና ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ከዘጠኝ ወር ገደማ ጀምሮ በጣቱ ማመልከት ሲጀምር፣ ያመለከተውን እሱኑ መጥራት ነው፤ ልጁ ጨረቃዋን እያሳየ ስለ ቤቱ መንገር ጥሩውን ዕድል ማባከን ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት «ይሄ ምንድን ነው?» ይሠራል። ስሙን ካወቀው በኋላ ግን መቶ ጊዜ መጠየቁ ፋይዳ የለውም፤ «ምን እያደረገ ነው?»፣ «ወዴት እየሄደ ነው?» ወደሚለው መሻገር ያስፈልጋል። ሦስት ዓመት ካለፈ «ለምን አለቀሰች?»፣ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?»፣ «አንተስ እንዲህ ሆነህ ታውቃለህ?» ይመጣል። በአራት ዓመቱ መጽሐፉ ተዘግቶ ታሪኩን እሱ ይተርካል፤ እናት «ከዚያስ?» ብቻ ትላለች።

አንድን መጽሐፍ ደጋግሞ ማንበብ ለአዋቂ አሰልቺ ነው፤ ልጁ ግን «ድገሚልኝ» የሚለው በምክንያት ነው። ጄሲካ ሆርስትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሙከራ፣ የሦስት ዓመት ልጆች አዳዲስ ቃላትን እኩል ቁጥር ያህል ሰሙ፤ አንዳንዶቹ በተመሳሳይ ታሪክ ውስጥ፣ ሌሎቹ በተለያዩ ታሪኮች። ቃላቱን አብልጠው የያዙት አንዱን ታሪክ ደጋግመው የሰሙት ናቸው። ታሪኩን ያወቀ ልጅ ሐሳቡ «ቀጥሎ ምን ይሆን?» በሚለው አይያዝም፤ ጆሮው ለቃሉ ነፃ ይሆናል። በተግባር እንዲህ ነው፦ ከመጽሐፉ ሦስት ወይም አራት እንግዳ ቃል ይመረጥ፤ መጀመሪያ ቀን ብዙ ሳይቋረጥ ይነበብ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ቃላቱ በሥዕሉ ላይ ይታዩ፣ በእጅና በፊት ገጽታ ይተወኑ። «ተንሸራተተ» የሚለውን ቃል አሥር ጊዜ ከማብራራት አንድ ጊዜ እጅን ጉልበት ላይ ማንሸራተት ይበልጣል።

«ከልጄ ጋር ቀኑን ሙሉ አወራለሁ፤ መጽሐፉ ምን ያደርጋል?» የምትል እናት ጥያቄዋ ተገቢ ነው። የዕለት ንግግር «ና»፣ «ብላ»፣ «ተው»፣ «ጫማህን አምጣ» ላይ ይመላለሳል። ጄሲካ ሞንታግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 የ100 ሥዕላዊ መጻሕፍትን ጽሑፍ አዋቂዎች ለልጆች ከሚናገሩት ጋር ሲያስተያዩ፣ በመጻሕፍቱ ውስጥ የሚገኙት የቃላት ዓይነቶች በዝተው አግኝተዋቸዋል። ቤት ውስጥ ማንም የማይጠራውን «ዋሻ»፣ «ማዕበል»፣ «ቅር አለው» የሚያመጣው መጽሐፍ ነው።

ፊደል ያልቆጠረች እናትስ? ይህን ሁሉ ማድረግ ትችላለች፤ ከላይ ከተነገሩት እርምጃዎች ፊደል የሚጠይቅ አንድም የለም። ጽሑፍ የሌለበት ወይም በጣም ጥቂት ጽሑፍ ያለበት ሥዕላዊ መጽሐፍ ይበቃታል፤ ጽሑፍ ቢኖረውም በራሷ አፍ ትተርከው። በደቡብ አፍሪካ ኻየሊትሻ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ከ14 እስከ 16 ወር ሕፃናት የሚያሳድጉ 91 አሳዳጊዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሽ ያህሉ ለ8 ሳምንት ሥዕላዊ መጽሐፍን ከልጅ ጋር መጋራትን ሠለጠኑ። የሠለጠኑት አሳዳጊዎች ልጆች በቋንቋም ትኩረትን ሰብስቦ በመቆየትም ልቀው ተገኙ። ሁለት ቋንቋ ያላት እናትም በደንብ የምትጫወትበትን፣ ቃል የማያጥራትን ቋንቋ ትምረጥ። በማትችለው ቋንቋ ስታነብ ጥያቄውም ቀልዱም ይደርቅባታል። (አባት፣ አያት፣ ታላቅ እህትም ቢሆኑ አሠራሩ ያው ነው፤ እናት እያልን የቀጠልነው ለአጻጻፍ እንዲቀል ነው።)

ፊደል ማስቆጠርን ከዚህ ጋር መደባለቅ አይገባም። ሞኒክ ሴኔሻልና ጆ-አን ለፌቭር የካናዳ ልጆችን ለአምስት ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳዩት፣ ታሪክ ማንበብ የሚያያዘው ከቃላት ክምችትና ከማዳመጥ ጋር ነው፤ ፊደል ማስተማር ደግሞ ከመጀመሪያ የንባብ ችሎታ ጋር። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ታሪኩን አቋርጦ «ይሄ ማነው? ‹ለ› ነው ‹ሰ›?» ማለት ሁለቱንም ያበላሻል።

ንባቡን ለመኝታ ብቻ መተውም ልማድ ሆኗል። ለማስተኛት ጥሩ ነው፤ እንቅልፍ የተጫነው ልጅ ግን መልስ አይሰጥም። ከሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ልጁ ንቁ የሆነበት አሥር ደቂቃ ይፈለግ። አቀማመጡም ቢሆን፣ ጭን ላይ ፊቱን ወደ መጽሐፉ ያዞረ ልጅ የእናቱን አፍ አያይም፤ ወደ ጎን ቢቀመጥ ሥዕሉንም ከንፈሯንም ያያል።

ስልኩ «ያንብብለት» የሚሉም አሉ። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ሙከራ፣ የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ፊት ለፊት ከተቀመጠ ሰው የቻይንኛ ድምፆችን መለየት ተማሩ፤ ያንኑ በቪዲዮ ያዩት ምንም አልያዙም። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 37 ወላጆች ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር የወረቀትና የታብሌት መጽሐፍ ሲያነቡ ታዩ፤ በወረቀቱ ላይ የሁለቱም ንግግር በዛ። ድምፅ የሚያሰማና የሚንቀሳቀስ ገጽ ሲኖር ወሬው ወደ «አትንካው»፣ «ቆይ፣ እኔ ልጫነው» ይሄዳል።

ይህን ስንል ንባብ ሁሉን ይፈታል ማለታችን አይደለም። አድሪያና ባስና ባልደረቦቿ የቀደሙትን ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ ላይ ሲመዝኑ፣ አብሮ ማንበብ ልጆች በቋንቋና በንባብ እርስ በርሳቸው ካላቸው ልዩነት 8 በመቶውን ያህል ያብራራል ብለዋል። ከአንድ ቀላል ልማድ ለሚገኝ ውጤት ጥሩ ነው፤ የሚዘገይን ልጅ ሁሉ ግን አያድንም። በዓመቱ «ባባ»፣ «ማማ» እያለ ድምፅ የማያሰማና በጣቱ የማያመለክት፣ በ16 ወሩ አንድም ቃል የሌለው፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል የማያጋጥም፣ በማንኛውም ዕድሜ የነበረውን ንግግር የጣለ ልጅ ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ መጀመሪያም ጆሮው ይመርመር። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ብሎ መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል።

በመጨረሻ ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለን። «አንብቡላቸው» የሚለው ምክር ዳግም ሲወጣ፣ ከጎኑ የሩብ ገጽ ያህል አንድ ሥዕል ቢታተምልን፤ ከሥሩም መግለጫ ሳይሆን ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጻፍ፦ «ማን ነው? ምን እያደረገ ነው? ቀጥሎስ?» ጋዜጣውን ገዝቶ ለሚገባ ወላጅ የዚያን ምሽት ሥራ ያ ይበቃዋል።