የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ክበብ፦ ናውሩ የደረሳት ልጅ

ክበባችን ዘንድሮም ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ሲሰበሰብ ከረመ። የአባላት ምዝገባው፣ የአመራር ምርጫው፣ በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ የቀረቡት ዜናዎች እንደ ወትሮው ናቸው፤ ቃለ ጉባኤው ቢሮ ስላለ እዚህ አልደግመውም። ስለ ምስለ ጉባኤያችን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

በየዓመቱ ልጆቹ አገር በዕጣ ይደርሳቸውና እንደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ተቀምጠው ይከራከራሉ። የዘንድሮው ርዕስ በጥቁር ባሕር ዳር ያለችው አብካዚያ ነበረች፤ አገር ተብላ ዕውቅና ይሰጣት ወይስ አይሰጣት የሚል። አብካዚያ በ1992 እና 1993ቱ ጦርነት ከጆርጂያ ተነጥላ ወጣች (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ በ2008 ሩሲያ አገር ነሽ አለቻት፤ ኒካራጓና ቬንዙዌላ ተከተሉ። በ2009 መጨረሻ አራተኛዋ ዕውቅና ሰጪ የሆነችው ናውሩ ናት፤ ጠቅላላ ስፋቷ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴት።

ሁሉም አሜሪካና ቻይና እንዲደርሰው ሲጸልይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናውሩን አወጣች። «ቲቸር፣ ይቺ ደግሞ አገር ናት?» አለችኝ። ካርታ ላይ ፈልጊያት ብዬ ወደ ፔዳጎጂ ማዕከል ላክኋት። እዚያ ያለው ካርታ ላይ ሶቭየት ኅብረት እስከ ዛሬ አልፈረሰችም፤ ጆርጂያ ለብቻዋ የለችም፤ ናውሩ በነጥብ እንኳ አልተመለከተችም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜያችንም የሚሰጠው በዚሁ ካርታ ነው። ልጅቱ ያነበበችውን ሁሉ ያነበበችው ማታ ማታ በወንድሟ ስልክ ነው።

የክርክሩ ዕለት ቤተ መጻሕፍቱ ሞልቶ በመስኮት የሚያዩ ነበሩ። ቱቫሉ የደረሰው ልጅ በጉንፋን ቀረ። ቫኑዋቱ የደረሰው አቋሙን ደጋግሞ ሲቀያይር ልጆቹ ሳቁበት፤ እኔ ግን ማርክ ሰጠሁት፤ እውነተኛዋ ቫኑዋቱም በ2011 ዕውቅና ሰጠች ሲባል የራሷ አምባሳደር አልሰጠንም ብሎ ነበርና። ቱቫሉም ብትሆን በ2011 የሰጠችውን ዕውቅና በ2014 አንስታ ከጆርጂያ ጋር ታርቃለች።

የጆርጂያው ተወካይ ጎበዝ ተናጋሪ ነው። «የሩሲያ ጋዜጣ ራሱ ጽፎታል፤ 50 ሚሊዮን ዶላር ጠይቃችኋል! የእኛን መሬት በገንዘብ ሸጣችሁ!» ብሎ ሲያፋጥጣት ጭብጨባው ቀለጠ። የናውሩዋ ልጅ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ትታ ተነሣች። ፎስፌቱን እነ አውስትራሊያ ለማዳበሪያ ቆፍረው እንደወሰዱት፣ ከነፃነት በኋላም ቁፋሮው ቀጥሎ የደሴቲቱ መሐል ሾጣጣ ድንጋይ ሆኖ እንደቀረ፣ ገንዘቡ እንደባከነ፣ ነዳጁም ቀለቡም በመርከብ እንደሚመጣ ተናገረች። «መሬታችን በመርከብ ሲጫን የት ነበራችሁ? ያልተቆፈረ የቀረን ኒው ዮርክ ያለችው ድምፃችን ብቻ ናት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል!» ምክትል ርዕሰ መምህራችን ሳይቀሩ ሳቁ።

ድምፅ ሲሰጥ ከእነ ሩሲያ ጎን ቀረች፤ ተሸነፉ። ስንወጣ ቀስ ብላ፣ «ቲቸር፣ እኔ ብሆን ግን ዕውቅናውን አልሰጥም ነበር» አለችኝ። ያላመነችበትን አቋም በባለቤቱ ችግር ውስጥ ገብታ እንዲያ ስትሟገት እኔ አላወቅሁባትም። በማስተማር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ለቀረኝ መምህር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መምህራን ማረፊያ ውስጥ «ለፈተና የማይመጣ ነገር» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። በክርክሩ ማግሥት ልጆቹ በራሳቸው አንሥተው የጠየቁኝ ስለ ሶማሌላንድ ነው። ከ1991 ጀምሮ ራሷን አገር ብላ የኖረችው ጎረቤታችን፣ በ2024 መጀመሪያ አገራችን ከእርሷ ጋር የፈረመችው የመግባቢያ ሰነድ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር የተደረሰው ስምምነት፤ ሁሉንም ከናውሩ ጋር እያመሳከሩ ጠየቁ። ደወል ባይደወል እኔም ጭንቅ ውስጥ ነበርኩ።

የትምህርት ቤቶች ውድድር የትራንስፖርት ገንዘብ ስላልተገኘ ቀርቶብናል። ግንቦት ላይ ደግሞ አባላቱ ለፈተና ተበተኑ። ለዓመቱ ክበቡ ያገኘው አንድ ደስታ ወረቀት ነው፤ ስፖርት ክበብ ምን እንዳገኘ ሜዳው ላይ ያለውን አዲስ መረብ ያየ ያውቀዋል።

ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው አንድ አዲስ የዓለም ካርታና የአፍሪካ አዳራሽን የምንጎበኝበት የታክሲ ገንዘብ ነው። አዳራሹ ከግቢያችን በሁለት ታክሲ የሚደረስ ሲሆን ከልጆቼ አብዛኞቹ በደጁ ከማለፍ በቀር አያውቁትም። ካርታውን ለመግዛት የምትፈልጉ ወላጆች በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት (ወመተህ) በኩል፣ ካልሆነም ሐሙስ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍት ታገኙኛላችሁ።